የሰኞ ጠዋት እርማት

የዜና ሳጥኑ ዛሬም ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ነው። ከላይ ወረቀት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ ፊቱ ላይ ቢሆነኝ በምስማር ጫፍ እየወጋ የጻፈው «ዜና» የሚል ቃል አለ። «ና» ትንሽ ወደ ታች ወርዳለች። በሠራው ቀን «ጠመመች እኮ» ስለው፣ «ዜና ሁሉ ቀጥ ብሎ አይመጣም» አለኝ።

ቢሆነኝ ባሌ ነበር። ካረፈ ዘንድሮ ሁለተኛው ክረምት ነው። ሰው የሞተበት ሰው ሕመሙንና አልጋውን ነው የሚያስታውሰው ይላሉ። እኔ ግን ዐይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ አንድ ግንቦት ነው፤ ገና ባልና ሚስት ያልሆንንበት፣ እሱ «መምህርት» እያለ በሩቁ የሚያናግረኝ ግንቦት።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ በአይሱዙ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ደጋ ላይ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አባቴ አቶ ፍሥሐ መካነ ኢየሱስ ላይ የእህል ነጋዴ ነው። አንዲት ልጁን ጭቃ ረግጣ እንድትኖር አላስተማረም፤ ይህንንም በስልክ በየሳምንቱ ይነግረኝ ነበር።

ከማስተማሩ ሌላ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የእኔ ኃላፊነት ነበር። ሚኒ ሚዲያ ስል አንድ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ የሶላር ባትሪና ድምፀ መረዋዋ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ቤተልሔም ማለቴ ነው። ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ የአካባቢው ዜና ይነበባል። የጠፋ በግ፣ የክትባት ቀን፣ የደቦ ጥሪ፣ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጅ። ድምፁ እስከ ገደሉ አፋፍ ስለሚሰማ፣ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቁመው ያዳምጣሉ።

ዜናው የሚሰበሰበው ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰቅሎ በነበረው በዚያ ሳጥን ነበር። ዓርብ ከቀትር በኋላ ስከፍተው ቢሆነኝ አይጠፋም። የወላጅ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበር፤ ዐሥረኛ ክፍል እንደ ጨረሰ አባቱ ሞተውበት ወደ ሞፈሩ የተመለሰ ገበሬ። በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ያስገባል። «የእትዬ አሰለፈች ላም ጥጃ ወልዳለች።» «በታችኛው መንገድ ድልድዩ ላይ አንድ ግንድ ተነቃንቋል፤ ልጆች ይጠንቀቁ።» «ቁራ በብዛት ታይቷል።» አንድ ዓርብ «ይሄ ሁሉ ዜና ከየት ይመጣል?» ስለው መሬት መሬት እያየ፣ «ሰው ካየ ዜና አይጠፋም፣ መምህርት» አለኝ። ቀና ሲል ግን የሚያየው ቁራ እንዳልሆነ ገባኝ። ያን ቀን ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ቆለፍሁት።

*

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ከወንዙ ማዶ፣ በስማዳ ወገን ያለ አንድ ቀበሌ በረዶ መትቶት ነበር። ገብሱ ሊታጨድ ሲል ከነአገዳው መሬት ገባ። ከዚያ እየተሻገሩ እኛ ዘንድ ይማሩ የነበሩ ሠላሳ ስድስት ልጆች አንድ በአንድ ቀሩ። ግንቦት ሲገባ ወላጆቻቸው የሚዘሩት እንዳጡ ሰማን። ዘር ከሌለ ደግሞ ልጆቹን ይዘው ወደ ቆላ ለቀን ሥራ መውረዳቸው ነው።

ሐሳቡ ከልጆቹ መጣ። ቤተልሔም ናት፣ «ቲቸር፣ ሁላችንም አንድ አንድ ጣሳ ብናመጣስ?» ያለችው። ስድስት መቶ ተማሪ ነበረን። ሰኞ ጠዋት ዜናውን ጻፍሁላት፣ እሷም ልብ በሚነካ ድምፅ አነበበችው። «በበረዶ ለተጎዱት ወገኖቻችን፣ አንድ ተማሪ አንድ ጣሳ ገብስ።»

እስከ ረቡዕ ስምንት ጆንያ ሞላ። እንዴት ያለ ገብስ መሰላችሁ፤ ነጭ፣ የሚያበራ። ከየጣሳው ተቀብዬ በገዛ እጄ አንድ ላይ እየገለበጥሁ መጋዘን ውስጥ ደረደርሁት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቢሆነኝ ሊያይ ሲመጣ እንዲያመሰግነኝ ፈልጌ በሩ ላይ ቆምሁ።

እጁን ጆንያው ውስጥ ከተተ፤ ዘግኖ አወጣ፤ በመዳፉ ዘረጋው። ከዚያ ሳቀ።

«የከተማ ሰው ዘር አያውቅም» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ይሄ እኮ ተፈትጓል፣ መምህርት። ሙቀጫ ገብቶ ገለባው ወጥቷል። ይሄ ቆሎ ይሆናል እንጂ አይበቅልም። ያልተፈተገውም አብሮ ተደባልቋል።»

እትዬ አሰለፈች የልጅ ልጃቸውን ጣሳ ይዘው ከኋላችን መጥተው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያከብራቸው ባልቴት ናቸው።

«ለተቸገረ ሰው ያልተፈተገ ገብስ ይላካል እንዴ?» አሉ፣ ቆጣ ብለው። «በችግሩ ላይ የመውቀጥ ሥራ ልጨምርበት? እናቴ እንዲያ አላሳደገችኝም። ሌሊቱን ስፈትግ ነው ያደርሁ።»

ለካ የአገሩ ደንብ ይኸው ነበር። ችግር ወዳለበት ቤት የሚሄድ እህል አልቆለት ይሄዳል፤ ያልተሠራ እህል መላክ ነውር ነው። ለዘር መሆኑን ደግሞ እኔ አልጻፍሁም። እናቶች ካላቸው ሁሉ የተሻለውን፣ እጃቸው እስኪላጥ ፈትገው ልከው ነበር።

ጥፋቱ ይቆረቁራል፤ እኔን የወጋኝ ግን እሱ አልነበረም። የወጋኝ ያ ሳቅ ነበር። የከተማ ሰው ዘር አያውቅም። ዘር የማታውቅ ሴት ለገበሬ ቤት ምኗ ይሆናል? እንዲህ ሊለኝ ነው ብዬ ወሰድሁት። የዚያኑ ዕለት ማታ አባቴ ደወለ፤ ከተማ ላይ ቦታ ተገኝቷል፣ ዝውውሩ በእጄ ነው አለኝ።

«እሺ፣ አባባ» አልሁት።

አንዲት እሺ እንዲህ እንደምትከብድ አላውቅም ነበር።

*

በሚቀጥለው ሰኞ ማይኩን ከቤተልሔም ተቀብዬ ራሴ አነበብሁ።

«እርማት። ባለፈው ሳምንት ስለ ገብስ የተነገረው ዜና ስህተት ነበረበት። ገብሱ ለዘር መሆኑ አልተገለጸም። ስህተቱ የእናቶቻችን አይደለም፤ የእኔ የየሻረግ ፍሥሐ ነው። እናቶቻችን የላኩት ካላቸው ሁሉ የተሻለውን ነው። የተፈተገው ለምግብ ይሄዳል፤ ያልተፈተገው ለዘር ይለቀማል። አንድ ተማሪ አንድ ጣሳ ይለቅማል።»

ርእሰ መምህራችን አቶ ገብረ መድኅን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መምህር በባንዲራ ሥር ቆሞ ተሳሳትሁ ሲል በዚያ ትምህርት ቤት የሰማ አልነበረም። ቢሆነኝ አጥሩ ጥግ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ ይዟል። ለምን እንዳወለቀ አልጠየቅሁም፤ ፊቴን አዞርሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት በኋላ ሜዳው ላይ ጆንያ ተዘርግቶ ስድስት መቶ ልጅ ገብስ ለቀመ። ለልጅ እንደዚያ ያለ ጨዋታ የለም። ማን ቀድሞ ይጨርሳል፣ ማን ፍትግ ያሳልፋል ይባባላሉ። ሐሙስ ዕለት ሰፌድ አንሶ ከቢሆነኝ ጋር አንድ ሰፌድ ላይ ተቀመጥን።

«ይህችን አሳለፏት» አለኝ፣ አንዲት ፍሬ እያሳየኝ።

«ገለባዋ አለ እኮ።»

«ጫፏን ይዩአት። ይህች ነቁጥ ከተነካች አትበቅልም። ከላይ ደኅና መስላ ውስጧ የተጎዳ ነው።»

«እንዲህ ያለውን የከተማ ሰው ከየት ያውቃል?» አልሁ።

እጁ ቆመ።

«መምህርት፣ እኔ እኮ...»

«እውነትዎን ነው የተናገሩት። እውነት ያስከፋል እንዴ?»

ሊመልስ አፉን ሲከፍት አቶ ገብረ መድኅን ወረቀት ይዘው ደረሱ።

«መምህርት የሻረግ፣ እንኳን ደስ አለሽ። የዝውውር ደብዳቤሽ መጥቷል። አባትሽም ደውለው ነበር፤ ሰኞ በአይሱዟቸው ይመጣሉ። ዘሩንም እግረ መንገዳቸውን እስከ ገደሉ አፋፍ እንዲያደርሱልን ለምኛቸው እሺ ብለዋል።»

ቢሆነኝ «እንኳን ደስ አለዎት» አለ። ከዚያም አጎንብሶ መልቀሙን ቀጠለ። እኔ ግን ጣቶቹን አየሁ። አንዲቱን ፍሬ አንሥቶ ያስቀምጣል፤ መልሶ እሷኑ ያነሣል።

*

ዓርብ ሳጥኑን ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብዬ ከፈትሁ። ቢሆነኝ አልመጣም። ሦስት ወረቀት ነበረ። አንደኛው የጠፋች ፍየል፣ ሁለተኛው የእሑድ ጉባኤ ማስታወቂያ። ሦስተኛው አራት ጊዜ ታጥፏል። የእጅ ጽሑፉን አወቅሁት፤ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው እሱ ነው፤ ፊደሎቹ እንደሚያርሰው ፈር ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱ።

«እርማት። ባለፈው ረቡዕ ሳምንት በትምህርት ቤቱ መጋዘን አንድ ሰው የከተማ ሰው ዘር አያውቅም ብሎ ነበር። አነጋገሩ ስህተት ነው። ሰውየው ሊናገር የፈለገው ሌላ ነገር ነበረ፤ እሱን መናገር ስለ ፈራ ይህን ተናገረ። ትክክለኛው እንዲህ ነው። ዘር ማወቅ የአንድ ክረምት ትምህርት ነው። ስህተትን በሕዝብ ፊት በራስ ላይ ማንሣት ግን ማንም አያስተምረውም። እንዲህ ያለች ሰው ባለችበት ቤት ለመኖር የሚመኝ አንድ ገበሬ አለ።»

ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ሌላ ነበረበት።

«የሻረግ፣ መነበቡም አለመነበቡም በአንቺ እጅ ነው። ሰኞ ካልተነበበ ይገባኛል። ሻንጣሽን እስከ መኪናው እሸከምልሻለሁ፤ ቅር አልሰኝም። ከተነበበ ግን ሽማግሌ እልካለሁ።»

ሁለት ዓመት «መምህርት፣ እርስዎ» ሲለኝ ቆይቶ ስሜን ጻፈው። የሻረግ። በእሱ ብዕር ሳየው የሌላ ሴት ስም መሰለኝ፤ ከእኔ የምትሻል፣ ደፋር ሴት።

ቅዳሜና እሑድ ዕቃዬን ሸከፍሁ። ልብሴን እያጠፍሁ አባቴን አስባለሁ። ከሰው መጋዘን ጆንያ ሲሸከም ኖሮ ነው የራሱን መጋዘን የከፈተው። እኔን ያስተማረው በዚያ ጀርባው ነው። «ለገበሬ» ስለው ምን ይል ይሆን? ልብሱን አጠፍሁ፤ ዘረጋሁ፤ ደግሜ አጠፍሁ። እሑድ ማታ ሻንጣው ሞልቶ ተዘጋ። ወረቀቱ ግን ሻንጣው ውስጥ አልገባም፤ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እጄም ከዚያ ኪስ አልወጣም።

*

ሰኞ አባቴ ከባንዲራው ቀድሞ ደረሰ። ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ ከጋቢና ወረደ፤ ጉንጬን ሳመኝ። ክንዱ የሚባለው ሾፌሩ ፍራሼን አንሥቶ ጭነቱ ቦታ ላይ አስቀመጠ፤ ሻንጣዬ ግን ገና ባንዲራው አጠገብ ነበር። ዘሩ መጋዘኑ በር ላይ ተደርድሯል። ከእርማቱ በኋላ እናቶች ያልተፈተገ ጨምረው ስለላኩ ዐሥር ጆንያ ሆኖ ነበር። ቢሆነኝ ከጆንያዎቹ አጠገብ ቆሟል። ሰላምታ ሰጠኝ፤ ዐይኖቹ ግን ሻንጣውን ነው የሚያዩት።

ባንዲራው ተሰቀለ። ቤተልሔም ማይኩን ያዘች። የፍየሏን ዜና አነበበች፤ የጉባኤውን አነበበች። ስለ ዘሩ ጉዞ አነበበች፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ከጎኗ ቆሜ ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት በላብ አርሼዋለሁ። ከፊቴ አባቴ አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ የሰፈሩ ሰው አለ። እንደ ድንጋይ ነው የቆምሁት።

«ዜናችንን በዚህ ጨርሰናል» አለች ቤተልሔም።

ያን ጊዜ ቢሆነኝን አየሁት። አልተቆጣም፤ አላዘነምም ልል ነበር፤ አንገቱን ብቻ አንድ ጊዜ ነቀነቀ፣ የተነገረውን እንደ ሰማ ሰው። ከዚያ ቃሉን ሊጠብቅ ወደ ሻንጣዬ መራመድ ጀመረ። ሊሸከምልኝ።

«ቆይ» አልሁ። ማይኩ ከአፌ ቅርብ ስለ ነበር ቃሉ ሸለቆውን አልፎ ተሰማ። «አንድ እርማት ቀርቷል።»

አነበብሁት። «ሌላ ነገር ነበረ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ጠራ። ከላይ ያለውን ሁሉ አነበብሁ። በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አላነበብሁም፤ እሱ የእኔ ነው።

ልጆቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። ትልልቆቹ ግን ገብቷቸዋል። ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ አሰለፈች ድምፅ መጣ።

«ይሄ ዜና ነው ወይስ ሽምግልና? እኛ ለዚህ ነገር በሬ ነው የምናቆመው?»

ሳቁ ከዚያ ተነሥቶ ሜዳውን ሞላው። አባቴ ግን አልሳቀም። ከዘራውን እየተመረኮዘ በቀጥታ ወደ ጆንያዎቹ ሄደ። የቢሆነኝን ፊት እንኳ ሳያይ የአንዱን ጆንያ አፍ ፈታ፤ ዘገነ፤ በመዳፉ ዘረጋው። ዐርባ ዓመት እህል ያየ ዐይን ነው። አንዲት ፍሬ በጥርሱ ሰበረ።

«ይሄን ማን ለቀመው?»

«እኛ ነን፣ ጋሼ» አለ ቢሆነኝ።

«እኛ ማን?»

«ልጆቹ። እኔ። እሷም።»

«አንድ ፍትግ የለበትም።»

«የለበትም። እኔ ያሳለፍሁትን እሷ ትለቅመው ነበር።»

አባቴ ገብሱን መልሶ ጆንያው ውስጥ አንጠባጠበ፤ አንዲት ፍሬ መሬት እንዳትወድቅ ተጠንቅቆ።

«ማይክ ባለበት አገር ሽማግሌ ጠፋ?»

«ሳላውቅ የሰው እግር እንዳላደክም ብዬ ነው። መልሷን አሁን ሰማሁ። ከፈቀዱልኝ ሽማግሌ እልካለሁ፤ ካልፈቀዱልኝም ዘሩን ጭኜልዎት እሄዳለሁ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ረጅም ጊዜ አይቶኝ አያውቅም። ምን እንዳየ አላውቅም። ማይኩን ገና አልለቀቅሁትም ነበር።

«ክንዱ» አለ ሾፌሩን። «ያን ፍራሽ አውርደው። ቦታ ይዟል።»

«አባባ...»

«ዘር ቀኑ ካለፈበት ዘር አይሆንም። ፍራሽ ሁልጊዜም ፍራሽ ነው።»

«ዝውውሩስ?»

«ለእሱ ደግሞ እኔ እርማት እጽፋለሁ።» ከዚያ ለቢሆነኝ፣ «እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ። የሚያወራ ሽማግሌ እንጂ የሚያስነጥስ እንዳትልክ» አለው።

ቢሆነኝ ሻንጣዬን አንሥቶ ወደ ቤቴ ተሸከመው። እሸከምልሻለሁ ብሎ አልነበር? ሻንጣው ከባድ ነበር፤ እሱ ግን ባዶ እንደ ያዘ ሰው ነው የሚራመድ።

*

ያ ዘር በቀለ። ከመስቀል በኋላ ልጆቹ ተመለሱ፣ ሠላሳ ስድስቱም። ታኅሣሥ ላይ፣ አዝመራው ከተወቃ በኋላ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጣሳ ገብስ ይዘው መጡ፤ ያልተፈተገ። ለሌላ የተቸገረ ትምህርት ቤት ይሁን ብለው ነው ወላጆቻቸው የላኩት። እኛ በጥር ተጋባን። ዘር ማወቅ የአንድ ክረምት ትምህርት ነው ብሎ የጻፈው ውሸት ነበር፤ አራት ክረምት ፈጀብኝ። ይህንን ስነግረው፣ «ይታረማል» ይለኝ ነበር።

ዐሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖርን። ያንሳል የሚሉኝ አሉ። እኔ አልለካሁትም።

ዘንድሮ የዘሩን ገብስ ብቻዬን ለቀምሁ። ነቁጣቸው የተነካውን ወደ ጎን፣ ደኅናዎቹን ወደ ሰፌዱ መሐል። ሰኞ ነበር፤ ድምፅ ማጉያው ከትምህርት ቤቱ ይሰማል። ዛሬ ዜናውን የምታስነብበው ተምራ የተመለሰችው ቤተልሔም ናት። የጠፋ በግ አለ፤ ድልድዩ ላይ ግንድ ተነቃንቋል።

ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ፊደል ትለማመዳለች። አንደኛ ክፍል ናት፤ ፈረቃችን ከሰዓት በኋላ ነው፤ መስመር የሳተ ፊደል አትወድም። ቀና ብላ ሳጥኑን አየችው።

«እማ፣ ‹ና› ጠምማለች። በምስማር ላቃናት?»

«ተያት» አልኋት።